ማሽኑ ያመነኝ ቀን

ደረቴ ላይ ሁለት ቀበቶ፣ ክንዴ ላይ የደም ግፊት መለኪያ፣ ጣቶቼ ላይ ሽቦ ያላቸው ትናንሽ ቆቦች አሰሩልኝና "እንግዲህ እውነቱን ብቻ" አሉኝ። እኔም ዋሸሁ። ማሽኑ አመነኝ።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁንም የምጽፈው ልመሰገን ብዬ አይደለም፤ የሚያስመሰግን ነገር የለውም።

በስማዳ ወረዳ ከተማ በወገዳ፣ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ ከአንድ ወዳጄ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠን ስድስት ዓመት ሠርተናል። እሱ የስማዳ ገጠር ልጅ ነው፤ እኔ ንፋስ መውጫ ከተማ ያደግሁ ነኝ። መዋሸት አይችልም ስል ያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ። ኃላፊያችን "ቅዳሜ ስብሰባ ትመጣላችሁ?" ሲል ሁላችንም "እንመጣለን" ብለን እንቀራለን። እሱ ግን ተነሥቶ "እኔ ቅዳሜ ስንዴ አጭዳለሁ፣ አልመጣም" ይላል። በዚህ ጠባዩ ስቀልድበት ኖሬአለሁ።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ከዞን ታሽጎ ሲመጣ የሚያድርበት ክፍል በሁለት ቁልፍ ነው የሚከፈተው። አንዱ እሱ ዘንድ ነበር፣ አንዱ እኔ ዘንድ። በአንዱ ዓመት ታናሽ እህቴ ሁለት ጊዜ ወድቃ ለሦስተኛው ልትቀመጥ ስትል እያለቀሰች መጣችብኝ። በማግስቱ ወዳጄ ኮቱን ወንበሩ ላይ ጥሎ ለቅሶ ሊደርስ ወጣ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር። ገባሁ፣ የሒሳቡን ፖስታ ከፈትኩ፣ በስልኬ ፎቶ አነሣሁና መልሼ አሸግሁት። አስተሻሸጌ አላማረም።

የፖስታው መቀደድ ታወቀ። ሁለታችንም ተጠየቅን፤ ማስረጃ ስላልነበረ ነገሩ እየቀዘቀዘ ሄደ። ሰው ሁሉ ሁለታችንንም በጎን ሲያየን፣ እሱ አንድ ቀን እንኳ እኔን አልጠረጠረኝም።

"መንገዱ ነው የቀደደው" አለ። "ይኸ የኛ መንገድ እንኳን ፖስታ የሰው ኩላሊት ያወልቃል።"

እህቴ አለፈች። እኔም ለእህቴ ብዬ ነው እያልኩ ከራሴ ጋር ታረቅሁ። በዚህ በኩል ፈጣን ሰው ነኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የሰነድ ጥበቃ ሠራተኞች እፈልጋለሁ ብሎ አስነገረ። ሁለታችንም ተመዘገብን፣ የጽሑፉንም የቃሉንም ፈተና አለፍን። የቀረን ማጣሪያ የውሸት መመርመሪያው ማሽን ብቻ ነበር። እኔ ሳምንቱን ሙሉ በስልኬ ስለ ማሽኑ ሳነብ ሰነበትኩ፤ ትንፋሽ እንዴት እንደሚመጠን፣ ልብ እንዴት እንደሚረጋ። እሱንም አንብብ ስለው ሳቀብኝ።

"እውነት ለሚናገር ሰው ምን ጥናት ያስፈልገዋል?"

ጠያቂው ሽበታም፣ ለስላሳ ሰው ናቸው። ማሽኑ ውሸትን ሳይሆን ድንጋጤን እንደሚመዘግብ ራሳቸው ነገሩኝ፤ ልብ ሲመታ፣ ትንፋሽ ሲዛባ፣ እጅ ሲያልበው ወረቀቱ ላይ ይወጣል። "በአደራ የተሰጠዎትን ምስጢር አውጥተው ያውቃሉ?" አሉኝ። "አላውቅም" አልኩ። ድምፄ እንደ ወትሮው ነበር።

ቀጥሎ እሱ ገባ። የሆነውን ማታ ባደርንበት አልቤርጎ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አጫወተኝ።

እኛ አገር ሰው ሲያናግርህ ዝም ብለህ አትሰማም። ትንፋሽህን ወደ ውስጥ ሳብ፣ ሳብ ታደርጋለህ፤ እየሰማሁ ነው፣ ልክ ነዎት ማለት ነው። በተለይ የሚያናግርህ ሽማግሌ ከሆነ፣ ያንን አለማድረግ ጀርባ ሰጥቶ እንደመቀመጥ ነው። እኔ ከተማ አድጌ፣ ኮሌጅ ገብቼ ግማሹን ትቼዋለሁ። እሱ ግን በእያንዳንዱ ጥያቄ መሀል ይስባል። ቀበቶው ደረቱ ላይ ነው፤ በሳበ ቁጥር መስመሩ ይዘላል።

"ትንፋሽዎን አይሳቡ" አሉት።

"እሺ አባባ" አለና ሳበ።

ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ ገሠጹት። የኛን ልማድ ያውቁታል፤ "ማሽኑ ግን ከውጭ የመጣ ነው፣ ይኸን አያውቅም" አሉት። ላለመሳብ ትንፋሹን ያዘ፤ ትንፋሹን ሲይዝ ልቡ ደረቱን ደበደበው። የአደራው ጥያቄ የመጣው በዚህ መሀል ነው። የተቀደደው ፖስታ ትዝ አለው። ሰው በጎን ያየው የነበረው ዓይን ሁሉ ትዝ አለው። "አላውቅም" አለ፣ እውነቱን። ሦስት ጊዜ ጠየቁት፤ ሦስቱንም ጊዜ መስመሩ ወደ ላይ ተተኮሰ።

እኔ አለፍኩ። እሱ በአደራ ጥያቄ ላይ ወደቀ። ወሬው ከአውቶቡሳችን ቀድሞ ወገዳ ገባ፦ "ማሽን ያዘው አሉ።" ለሁለት ዓመት ያልተቋጨው ነገር በአንድ ቀን ተቋጨ። ቢሮ በገባን በሳምንቱ የፈተናውን ክፍል ቁልፍ እንዲያስረክብ ተነገረው። ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሌሎቹ እጁን ያዩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ማሽኑ ያላነበብኩት የለም። ስለ አስተማማኝነቱ ሊቃውንቱ አልተስማሙም፤ ብዙዎቹ ለሠራተኛ ማጣሪያ ሊውል አይገባም ይላሉ። እንዳይታመን የሚፈራ ንጹሕና እንዳይያዝ የሚፈራ ሌባ ወረቀቱ ላይ አንድ ናቸው። ጥቂት አጥፊ ለማግኘት ብዙ ሰው ስታበጥርበት፣ ስንዴውን ከገለባው ጋር የሚደፋ ሰፌድ ነው። ይህን ሁሉ ለሥራ ባልደረቦቻችን አስረድቻለሁ። ጎበዝ ጠበቃ ነበርኩ። ተራቅቄ የማስረዳው አንዷን ዐረፍተ ነገር ላለመናገር እንደሆነ ግን አውቀው ነበር።

የነቢያት ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን ቤቴ መጣ። ከስቷል። ተቀመጥ ስለው እንደቆመ ቀረ።

"አንተዬ፣ ማሽኑ እኮ ዝም ብሎ አይዶለም" አለኝ። "ብዙ አሰብኩበት። ያን ጊዜ ኮቴን ወንበር ላይ ጥዬ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር። ልቤ ያንን ያውቅ ኖሯል፤ እኔ ነኝ የረሳሁት። አደራ በላ ማለት እንዲህ አይዶል?"

ላቤ ጀርባዬ ላይ ወረደ። ማሽን ፊት ያልወረደው ላብ ያኔ ወረደ።

"ያን ቀን ቢሮ ማን ነበር? አንተ ታስታውሳለህ?"

ዓይኖቹ ውስጥ ጥርጣሬ ፈለግሁ፤ ቢጠረጥረኝ ኖሮ እናገር ነበር ብዬ ዛሬም ራሴን አታልላለሁ። አልነበረም። ጥያቄው ጥያቄ ብቻ ነበር።

"አላስታውስም" አልኩት።

ትንፋሹን ሳብ አደረገ፤ እሺ ማለቱ ነው።

በዚያው ሳምንት ለንስሐ አባቱ ተናዘዘ። ሳላውቅ በድያለሁ ብሎ ነገራቸው፤ እሳቸውም በማወቅም ባለማወቅም የተሠራ በደል ንስሐ ይሻል ብለው ቀኖና ሰጡት፦ አርባ ቀን፣ በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት። ይህንንም የነገረኝ ራሱ ነው፤ እኔን የሚደብቀኝ ነገር የለውም። ውርጩ ሣሩን ባቃጠለበት ወር፣ ሌሊቱ ሲነጋ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይሄዳል። አንድ ጠዋት ተከትዬው ሄድኩ። ግንባሩ መሬት ሲነካ፣ በጉልበቱ ሲነሣ፣ እንደገና ሲወድቅ ከአጥሩ ውጪ ቆሜ ቆጠርኩ። ሠላሳ ሁለት ላይ ጉልበቱ አልታዘዝ አለው፣ እጁን ተመርኩዞ ተነሣ። እዚያው ገብቼ ከጎኑ መውደቅ ነበረብኝ። እግሬ ግን ወደ ቤት ወሰደኝ። እንደዚያን ጠዋት ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም፤ ቢሆንም ቁርሴን በላሁ።

ለአዲሱ ሥራ የምሄደው ገና በዋለ በሳምንቱ ነበር። መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዬን ተሸክሞ ሸኘኝ። አካሄዱ ላይ አንከስ አንከስ የሚል ነገር አለ፤ ጉልበቱ ገና አልዳነም። ፊቱ ግን ፈክቷል።

"ቀኖናዬን ጨረስኩ" አለ። "ተመስገን፣ ቀለለኝ። ቁልፉም ይቅርብኝ፣ ሥራውም ይቅርብኝ።"

ሻንጣዬን ለረዳቱ አቀብሎ በመስኮቱ በኩል እጄን ያዘ። አዲስ አበባ ሰው የሚጠፋበት ቦታ ነው፣ ተጠንቀቅ አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ለመሆኑ ሳትሄድ ንስሐ አባትህን አገኘሃቸው?"

"አዎ፣ አግኝቻቸዋለሁ" አልኩት።

ትንፋሹን ሳብ አደረገና እጄን ለቀቀኝ። አውቶቡሱ ሲነሣ ደረቴን ዳሰስኩ። ልቤ በልኩ ትመታ ነበር።