ቁራኛዬ

ያሳሰሩኝ ሁለት ስንኞች ናቸው። ጥቅምት ላይ ነበር፤ ገብስ የሚታጨድበት ጊዜ። ፊደል የቆጠርኩት ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ቆሜ እያየሁና እየሰማሁ ነውና፣ እንዳይጠፋኝ ያወቅኩትን ሁሉ ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። የአገሩ መኮንን በቅሎ ስትቀለብ አይቼ በቁራጭ ብራና ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦

የጌታዬ በቅሎ ገብስ በልታ ጠገበች፤
ያጨደችው እናት ሳትበላ አደረች።

ብራናዋ ከእጅ ወደ እጅ ዞራ መኮንኑ ዘንድ ደረሰች። እኔን አንኮበር አውጥተው በጭቃ ከተመረገ ክብ የድንጋይ ቤት አስገቡኝ። ዓይኔ ጨለማውን ሳይለምድ አንጥረኛው ቀኝ እጄን ከአንድ ሽማግሌ ግራ እጅ ጋር በሰንሰለት አሰረው። እንዲህ አብሮ የታሰረን ሰው ቁራኛ ይሉታል። ሰው ላይ ተጣብቆ የማይለቅ ክፉ መንፈስም ስሙ ያው ቁራኛ ነው።

«ገጣሚው አንተ ነህ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ብራናዋን ፍቄ ያዘጋጀኋት እኔ ነኝ። ማንበብ አልችልም ብል ማን ይመነኝ? በል፣ የታሰርኩበትን ነገር አሰማኝ።»

አሰማኋቸው። ሰንሰለቱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፤ እየሳቁ ነበር።

«ይቺስ ታሳስራለች! እኔ በከንቱ የታሰርኩ መስሎኝ ሦስት ቀን ሙሉ ሳዝን ሰነበትኩ።»

አሁን ስለ እጄ ልናገር። ከልጅነቴ ጀምሮ ሐሳብ ሲይዘኝ ጣቶቼ የግራ ክንዴን ይፈልጋሉ። የደረቀ ቅርፊት ካገኙ ይልጣሉ፤ ካላገኙ ደህናውን ቆዳ ይቆነጥራሉ። አያሳክከኝም። ሲላጥ ለአፍታ ልቤ ይረጋል። ደሙን ሳይ አፍራለሁ፤ ሳፍር ደግሞ እንደገና እልጣለሁ። እናቴ ጠበል ወስዳኛለች፤ ረጅም እጅጌም ሰፍታልኛለች። እጅጌው ሸፈነው እንጂ አላቆመውም።

በሦስተኛው ቀን የዘበኞቹ አለቃ ክንዴን አይቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ይሄ ሥጋ ደዌ ነው። እስከ ኅዳር ሚካኤል ካልሻረ ከበራፉ ማዶ ካለው ገደል ሥር ወዳለችው ጎጆ ብቻህን ትወርዳለህ።»

ወደዚያች ጎጆ ምግብ የሚወርደው በገመድ ነበር። የወረደባት ሰው ሲወጣ ያየ የለም።

ቁስሉ ቢተዉት በሳምንት ይሽራል፤ የማልተወው እኔ ነኝ። አለቃው ገና ከበራፉ ሳይርቅ ጣቴ ወደ ክንዴ ሄደ፤ ሰንሰለቱም የሽማግሌውን እጅ ጎተተው።

«ምን አሰብክ?»

«ምንም።»

«ምንም የሚያስብ ሰው እጄን አይጎትትም።»

«ጎጆዋን» አልኩ።

አልገሠጹኝም፤ «ተው» እንኳ አላሉኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እጃቸው በተጎተተ ቁጥር «አሁንስ?» ይላሉ። «እናቴን።» «አሁንስ?» «ቤት የማይመታ ስንኝ።» «አሁንስ?» «እንዲሁ ነው፣ ጋሼ።» «እንዲሁ የሚሆንም አለ።» ስናገረው ጣቴ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። አንድ ቀን እሳቸው ራሳቸውን ሊያኩ እጃቸውን ሲያነሡ የእኔ እጅ ተጎተተ።

«አሁንስ፣ ጋሼ?»

«ቅማል» አሉ። አብረውን የታሰሩት ሁሉ ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ።

አለቃው ለነፍሱ ዳዊት ሊያስጽፍ ስለነበር ሽማግሌው በራፉ ላይ ለብራና የሚሆን የፍየል ቆዳ ወጥረው እንዲፍቁ ተፈቅዶላቸዋል። ሲሠሩ እጄ አብሮ ይሄዳል። አንድ ጠዋት የተረፈ ቁራጭና ሻካራ ድንጋይ አቀበሉኝ።

«ጣትህ ሥራ ነው የፈለገው። እንካ፣ ይሄን ፋቅ። ይሄኛውን አያመውም።»

ፋቅሁ። ቸኩዬ አንድ ቦታ ላይ በሳሁት። ደንግጬ ጠርዙን ስነካካ እጄን ያዙት።

«ተወው። ቀዳዳ በነካኩት ቁጥር ይሰፋል። ደግ ጸሐፊ ዘሎት ይጽፋል፤ ቃል አይጎድልም።»

የሚካኤል ዕለት ጠዋት፣ ጉሙ ከቆላው ሽቅብ ሲወጣ፣ አለቃው መጣ። ቁስሎቼ ሽረው ነበር፤ አንዷ ግን እርጥብ ናት። በዋዜማው ፈርቼ ልጬያታለሁ። በእጅጌዬ ልሸፍናት እችል ነበር። እጅጌዬን ራሴ ሰበሰብኩና ክንዴን ዘረጋሁ።

«ይቺን የላጥኳት እኔ ነኝ። ደዌ አይደለም፤ ሲጨንቀኝ እልጣለሁ።»

ይህን ከዚያ በፊት ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አለቃው ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ክፉ መንፈስ ነዋ! ታዲያ ቁራኛው ለቀቀው ወይስ አልለቀቀውም?»

ሽማግሌው እጃቸውን ከነእጄ ወደ ላይ አነሡ።

«ምኑን ይለቀዋል፣ ጌታዬ? ይኸው በአንቱ ብረት ታስሬ!»

መጀመሪያ የሳቀው በራፉ ላይ የቆመው ዘበኛ ነው። አለቃው ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለ ጎጆዋ ዳግም አላነሣም።

ለፋሲካ ተፈታን። አንጥረኛው ሰንሰለቱን ሲሰብረው ቀኝ እጄ ቀልሎት ብቻውን ወደ ላይ ተነሣ። ሽማግሌው የበሳኋትን ብራና እጄ ላይ አስቀምጠው ወደ መንደራቸው ወረዱ።

ዛሬ የምኖረው አንኮበር አጠገብ ባለችው ጎረቤላ ነው። ጣቴ አሁንም አንዳንድ ቀን ክንዴን ይፈልጋል፤ አንዳንዴም ያገኘዋል። ብዙውን ጊዜ ግን የሽማግሌው እጅ ክብደት ይመጣብኝና «አሁንስ?» ስባል እሰማለሁ። ያሰብኩትን ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ ጎረቤቶቼ ስንኝ የምገጥም ይመስላቸዋል።

በዚያች ብራና ላይ ያንኑ የበቅሎዋን ግጥም ጻፍኩባት። ቀዳዳው «ገብስ» ከሚለው ቃል አጠገብ ወደቀ። ዘልዬው ጻፍኩ፤ ቃል አልጎደለም። ላየው ሰው ግን በቅሎዋ የነከሰችው ይመስላል።