የጎረሰ ነገር

ልጅ ሳለሁ ቦሌ ሚካኤል ተከራይተን በምንኖርበት ግቢ በር ላይ፣ ሊመሻሽ ሲል የከሰል ምድጃ ይቀጣጠል ነበር። የምድጃው ባለቤት ዘበኛችን ጋሽ ለማ ነበሩ፤ የበቆሎ እሸት እየጠበሱ፣ ፍሙን በካርቶን ቁራጭ እያራገቡ፣ ለግቢው ልጆች ተረት ያወሩልናል። ድሮ ወታደር ነበሩ፤ ያኔ ግን ከአንዲት ዱላ በቀር ምንም አይዙም። አከራያችን ጠመንጃ ልግዛልህ ቢሏቸው «ዱላ ይበቃኛል፤ ዱላ አይጎርስም» ብለው እንደመለሱ እናቴ ሁልጊዜ እየሳቀች ታወራ ነበር።

የቀበሮውንም የጅቡንም ተረት ያውቃሉ፤ ችግሩ፣ ከሁለት ተረት አንዱ ያው የግዴለሹ ወታደር ተረት ነው። አንድ ወታደር ነበረ፤ ቀኑን ሙሉ ሲተኩስ ውሎ ሲደክመው፣ የጎረሰ ጠመንጃውን፣ ጥይቱን ሳያወጣለት፣ እሳት ዳር አጋደመው፤ አፈሙዙ ወዴት እንደዞረ እንኳ አላየም። ቃታውን ማንም አልነካም። ብረቱ ጋለ፣ ውስጡ ያለው ጥይት ጋለ፣ ጠመንጃው ራሱ ተኮሰ፤ ማዶ እግሩን ሲታጠብ የነበረው ጓደኛው እዚያው ቀረ። ተረቱ ይኸው ነው። እኛ የምንስቀው «የጎረሰ» በሚለው ቃል ነበር፤ ጠመንጃ አፉን ከፍቶ በወጥ የራሰ እንጀራ ሲጎርስ እየታየን። እሳቸው አይስቁም። «የጎረሰ ነገር ወይ ይውጣል ወይ ይተፋል፤ ጠመንጃ ደግሞ መዋጥ አያውቅም» ይሉና በቆሏቸውን ያገላብጣሉ። የወታደሩን ስም ስንጠይቃቸው «ጠፋኝ» ይላሉ። ድምፃቸው ሁሌ እንደደከመው ሰው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ ያ ተረት እኛንም አድክሞን ነበር።

ከእኛ ጋር የሚኖረው አጎቴ ማቴዎስ እዚያው ሰፈር የአሉሚኒየም በርና መስኮት ይሠራ ነበር። ሌባ ሱቁን ሁለቴ ከሰበረበት በኋላ ፈቃድ አውጥቶ ሽጉጥ ገዛ። ቤት ይዞት ሲመጣ ግን እኛ ልጆቹ እንዳናገኘው የት እንደሚያስቀምጠው ቸገረው፤ ቁም ሳጥኑን እንበረብራለን፣ ፍራሹ ላይ እንዘላለን። በመጨረሻ ማንም የማይነካው ቦታ አገኘ፤ የእናቴን ኦቨን። መቼም በየቤቱ የታወቀ ነው፣ እኛም ቤት ኦቨን ማለት የትሪ ማስቀመጫ ነበር፤ ወጡ ከላይ ይሠራል፣ ታችኛው ክፍል ግን ከተገዛ ጀምሮ በርቶ አያውቅም። ሽጉጡን በጨርቅ ጠቅልሎ ከታችኛው ትሪ ሥር ሸጎጠው። ሌባ ጊዜ አይሰጥም በሚል እንዳጎረሰው ተወው። ክፋት አልነበረበትም፤ የደበቀውም ለእኛ ብሎ ነው እኮ።

ታላቅ እህቴ ሰላም በዚያ ሰሞን ሃያ ሁለት ሰፈር እየተመላለሰች ኬክ መጋገር ትማር ነበር። ዐሥር ዓመት የሞላኝ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እናቴ ጸሎት ሄዳ ሳለ፣ ሰላም ኬክ ልትሠራልኝ ተነሣች። የላይኞቹን ትሪዎች አወጣች፤ የታችኛውን ግን ምን ቸገረኝ ብላ ተወችውና ኦቨኑን አበራችው። ሊጡ ከመግባቱ በፊት መሞቅ አለበት ብለው አስተምረዋታል። እኔ በርጩማዬን ስቤ መስታወቱ ፊት ቁጭ አልኩ።

ቆየት ብሎ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተን። ሰላም የቆየ ዘይት ነው አለች። ያኔ አጎቴ ከሥራ ገባ፤ ሽታው ሲደርሰው ፊቱ አመድ መሰለ። «ሽጉጤ» ብሎ የኦቨኑን በር ሊከፍት ተንደረደረ። ጋሽ ለማ ሽታው እሳቸውንም ጠርቷቸው ኖሮ ከኋላው ደረሱና ክንዱን ያዙት።

«ጎርሷል?»

«አዎ፣ አጉርሼዋለሁ» አለ አጎቴ።

እኔን ብድግ አድርገው፣ ሰላምን እየገፉ ወደ ግቢው አወጡን፤ ቆጣሪው ጋ ሄደው የቤቱን መብራት በሙሉ አጠፉ። አጎቴ ቤቱ ሳይቃጠል ላውጣው እያለ ሲታገላቸው፣ ዱላቸውን በሩ ላይ አጋድመው ቆሙበት። ያን ያህል ጉልበት እንዳላቸው አላውቅም ነበር። መብራቱ ቢጠፋም ብረቱ ሙቀቱን አልለቀቀምና፣ አሁንስ አለፈ ብለን ስናስብ ጮኸ። መስታወቱ ረገፈ። ጥይቱ ከበርጩማዬ ጀርባ ያለውን ግድግዳ በስቶ ገብቶ ነበር። በማግስቱ ሰላም እኔን በርጩማው ላይ አስቀምጣ ቀዳዳውን ለካችው፤ ደረቴ ላይ ነው። አቅፋኝ ብዙ አለቀሰች።

ጋሽ ለማ የቀሩት ጥይቶች እንዳይከተሉ ብለው፣ ኦቨኑ እስኪበርድ ድረስ ማንንም አላስገቡም። ሲመሻሽ ሁላችንም ምድጃቸው ዳር ተቀመጥን። አጎቴ «ኦቨኑ እንደሚበራ ረስቼው ነው እኮ ጋሽ ለማ፣ ረስቼው ነው» ይላል ደጋግሞ። እሳቸው አልተቆጡትም፣ ተረቱንም አልጀመሩትም። እኔው እንደልማዴ የዚያ ወታደር ስም ማን ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ለማ» አሉኝ ፍሙን እያዩ። «እሱም ረስቶት ነው።»

ከዚያ ወዲህ ያን ተረት ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም። አሁን እሳቸውም የሉም፤ እኔም ጎሮ ሰፈር ቤት ይዤ ልጅ አሳድጋለሁ። ቤቴ ሽጉጥ ገብቶ አያውቅም፤ ሆኖም ኦቨን ከማብራቴ በፊት ትሪዎቹን አንድ በአንድ፣ እስከ ታችኛው ድረስ፣ አወጣለሁ። ልጄ ምን ጠፍቶሽ ነው ስትለኝ፣ ከሥራ ደክሞኝ የገባሁ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ እነግራታለሁ። ያኔ እኛን የሰለቸን ተረት ለነጋሪው በየምሽቱ ምን ያህል ይከብደው እንደነበር አሁን ሳስበው ያመኛል። እሷም እንደኛው ሰልችቷታል፤ «እማዬ፣ ይሄን እኮ ነግረሽኛል» ትለኛለች። አውቃለሁ እላትና እንደገና አንድ ወታደር ነበረ ብዬ እጀምራለሁ፤ ስሙን ግን ጠፋኝ አልላትም።