ጋሽ ሚናስ ስንተኛ ይላሉ?

የኒዳ ሽመላዎች የሚባለውን የቤዝቦል ቡድን ጀርመን አገር ካለው የኒድ ሰፈር ውጪ የሚያውቀው ሰው ብዙ አይደለም። ሜዳቸው ኒዳ ወንዝ ዳር ነው፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ይተኛበታል፣ በጋ ሲመጣ ትንኝ ይወርሰዋል። ተመልካቹም ያው የተጫዋቾቹ ቤተሰብ፣ ጥቂት ጡረተኞችና ውሻ ሊያናፍሱ ወጥተው እግረ መንገዳቸውን ቆም የሚሉ ሰዎች ናቸው። ሽመላዎቹ ግን ራሳቸውን የሚያዩት እንደ ትልቅ ቡድን ነው። ትልቅ ቡድን ደግሞ የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር ይገመትለታል።

ግምቱ የሚሰጠው እንዲህ ነው። በመጋቢት ማለቂያ ላይ አንድ ቅዳሜ ሁሉም ተሰብስቦ ሜዳውን ያጸዳል፤ ሣር ይታጨዳል፣ አጥር ይጠገናል፣ የከረመ ቅጠል ይጠረጋል። ከዚያ ቋሊማ ይጠበሳል። ተበልቶ ሲያበቃ ሰዉ ክብ ሠርቶ ይቆምና እያንዳንዱ በተራው፣ ቡድኑ ዘንድሮ ከሊጉ ስምንት ቡድኖች ስንተኛ ሆኖ እንደሚጨርስ ጮክ ብሎ ይናገራል። የሰፈሩ ጋዜጣ ሰው እየዞረ ይመዘግባል፣ የራሱንም ይጨምርበታል፣ በሳምንቱ ይወጣል። መኸር ላይ ሁሉም እዚያው ቆሞ ስለተናገረው ይጠየቃል።

ጋሽ ሚናስ እዚህ ክብ ውስጥ ሲቆሙ ዓመታት አልፈዋል። ሁልጊዜም የሚሉት አንድ ነገር ነበር። መጨረሻ።

ጋሽ ሚናስ የዕድሜያቸውን ግማሽ ሆኽስት ኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የሠሩ ሰው ናቸው። ለትምህርት መጥተው፣ አገር ቤት ነገሩ ሲበላሽ እዚሁ ቀሩ፤ ትምህርቱም መሀል መንገድ ላይ ቀረና ቱታ ለበሱ። የሚኖሩት ጋሉስ የሚባል ሰፈር ነው፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው ቁም ሣጥን ውስጥ በሚንቀጫቀጭበት አሮጌ ፎቅ ላይ። ሚስታቸውን ገላነሽን ቀብረው አንድ ልጃቸውን ሕሊናን ብቻቸውን ለቁም ነገር አበቁ። ሕሊና አሁን ነርስ ሆና፣ ኒድ የራሷን ቤት ተከራይታ ትኖራለች። እንደ እውነቱ ከሆነ ቤዝቦል እስከ ዛሬ አልገባቸውም። ማን መቼ እንደሚሮጥ፣ ለምን ባለበት ቆሞ እንደሚቀር ቢነገራቸውም አይዙትም። ሜዳው ላይ የማይጠፉት፣ ከጨዋታ በፊትም የኖራ ጋሪ እየገፉ ነጩን መስመር የሚያሰምሩት ስለ ሕሊና ብለው ነው። በዚያ ዝቅተኛ ሊግ ሴትና ወንድ አብረው ይጫወታሉ፤ የሽመላዎቹ ወርዋሪ ደግሞ ሕሊና ናት።

ወርዋሪ የሚቆመው መሀል ሜዳ፣ ከፍ ያለች ጉብታ ላይ ነው። ሌላው ተበታትኖ ዝቅ ብሎ ይጠብቃል፤ ኳሷ ከእጇ እስክትወጣ ድረስ የሰው ዓይን ሁሉ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ለሌላ አባት ይሄ ኩራት ነው። ለጋሽ ሚናስ ጭንቀት ነበር።

ያደጉበት ቤት ያማረ ልጅ አይደነቅም። ጎረቤት “እንዴት ያለ ልጅ ነው” ሲል፣ እናታቸው “ምኑ ያምራል፣ ፉንጋ” ብለው በነጠላ ይሸፍኗቸው ነበር። ከዓይንም ከአፍም መሰወራቸው ነው። ነገ የሚመጣ ደግ ነገር ቢኖርም አስቀድሞ አይወራም፤ ከተወራም “እግዜር ካለ” ይባልበታል። ጋሽ ሚናስ የተማሩ ነበሩና ይሄን ሁሉ ገና ድሮ የተዉት መስሏቸው ነበር። የመለሰባቸው የገላነሽ ሞት ነው።

ገላነሽ ታማ በተኛች ጊዜ አንድ ቀን ሐኪሙ ተስፋ ሰጣቸው። መድኃኒቱ እየሠራ ይመስላል፣ ምናልባት ለፋሲካ ቤቷ ትገባ ይሆናል አለ። ጋሽ ሚናስ “ምናልባት” የምትለዋን ቃል እዚያው ሐኪሙ ክፍል ጥለዋት ወጡ። ለጋሉስ ጎረቤት፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰው፣ አዲስ አበባ ላሉት እህቶቿ ሁሉ “ለፋሲካ ትወጣለች” እያሉ ደወሉ። አንዱን ዘግተው ሌላውን ይጠሩ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ እዚያው አልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው። የፋሲካውንም በግ አስቀድመው ለሰው ተናገሩ። ገላነሽ በሆሳዕና ሰሞን አረፈች።

ሐኪሙን አልወቀሱም፣ ፈጣሪንም አላማረሩም። የወቀሱት የገዛ አፋቸውን ነው። ምነው ዝም ባልኩ፣ ምነው ባላወራሁት እያሉ ከውስጣቸው ጋር ሲሟገቱ ዓመታት አለፉ፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላሉም። ያኔ ገና ተማሪ የነበረችው ሕሊና ያየችው፣ አባቷ እናቷን ከቀበሩ በኋላ ዝም ማለታቸውን ብቻ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ክቡ ውስጥ የቆሙ ጊዜ፣ ተራቸው ሲደርስ በጀርመንኛ “እግዜር ያውቃል” አሉ። ሰዉ ሳቀ። ዩርገን የሚባለው አሠልጣኝ፣ እግዜር ጋዜጣው ላይ ስለማይጽፍ ቁጥር መናገር ግዴታ ነው አላቸው። ጋሽ ሚናስ ጉብታዋን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ “መጨረሻ” አሉ። በዚያ ዓመት ሽመላዎቹ ሦስተኛ ወጡ፣ ሕሊናም ጭረት ሳያገኛት ጨረሰች። ከዚያ ወዲያ ማን ያስለቅቃቸው። ነገሩ ወደ ቀልድ ዞረና የእሳቸው ተራ ሲደርስ ሰዉ ሁሉ አብሯቸው “መጨረሻ” ማለት ለመደ።

ትኩእ ብቻ አልሳቀም። ትኩእ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚጭን ኤርትራዊ ጎረቤታቸው ነው፤ ቅዳሜ ሥራ ከሌለው አብሯቸው ይመጣል።

“ጋሽ ሚናስ፣ አያሟርቱ እንጂ” አላቸው አንድ ጊዜ፣ ባቡር ውስጥ። “የገዛ ልጅዎ እኮ ናት።”

“ሟርት አይደለም። መሸፈኛ ነው።”

“እሷስ መሸፈኛ መሆኑን ታውቃለች?”

“ልጄ አይደለች እንዴ” አሉ ጋሽ ሚናስ። “ታውቃለች።”

አታውቅም ነበር።

አምና ሰኔ ላይ፣ ጨዋታ መሀል የሕሊና የትከሻ ጅማት ተበጠሰ። ኦፕራሲዮን ሆነች፣ ሽመላዎቹም ያለ እሷ እየተንፏቀቁ ለትንሽ ሳይወርዱ ቀሩ። ክረምቱን በሙሉ እጇን በላስቲክ ገመድ ስትስብና ስትመልስ ከረመች። ዘንድሮ እወረውራለሁ ብላ ተመለሰች። የግምቱ ቅዳሜ ሲቃረብ ጋሉስ መጥታ ከአባቷ ጋር ሽሮ በላች፤ ሁዳዴ ነበር። እጇን ታጥባ ከተቀመጠች በኋላ ነው የተናገረችው።

“ቅዳሜ ባትመጣ ይሻላል፣ አባ።”

“መስመሩን ማን ያሰምራል?”

“መስመሩን አስምርና ሂድ። ክቡ ውስጥ አትቁም።”

የቀረውን በጀርመንኛ ነገረቻቸው። የሚከብድ ነገር ሲመጣ ሁልጊዜ ወደ ጀርመንኛ ነው የምትሸሸው። የትከሻ ሐኪሟ እንዳላመነበት፣ ዩርገን ሌላ ወርዋሪ እያፈላለገ መሆኑን፣ ጋዜጣውም የወርዋሪዋ ትከሻ ስለማይታመን ሽመላዎቹ ይወርዳሉ ብሎ ከወዲሁ እንደጻፈ አስረዳች።

“ሁሉም አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ አንተ መጨረሻ ስትል ያስቃል። እኔም ስቄ አልፌዋለሁ” አለች። “ዘንድሮ ግን ሁሉም መጨረሻ ነው የሚለው። አንተም እዚያ መሀል ቆመህ ስትለው መስማት አልችልም።”

ጋሽ ሚናስ ሊያስረዷት ፈለጉ። ስለ ነጠላው፣ ስለ ዓይኑ፣ ስለ አፉ። ግን ያንን ለመናገር ገላነሽን ማንሣት ነበረባቸው፤ እሱን ደግሞ አልቻሉም።

“እግዜር ያውቃል፣ ልጄ” አሉ።

“እሱማ ያውቃል” አለች ሕሊና ጃኬቷን እያነሣች። “እኔ ግን አላውቅም።”

ቅዳሜ ዕለት ጋሽ ሚናስ ማልደው ሄዱ። ኖራውን ሞሉ፣ መስመሩን አሰመሩ፣ እንደ ጾመኛ ዳቧቸውን በሰናፍጭ በሉ። ጋሪውን ወደ ዕቃ ቤቱ መልሰው መሄድ ይችሉ ነበር። እግራቸው እምቢ አላቸውና ክቡ ውስጥ ገቡ። ሕሊና ባሻገር ቆማ አየቻቸው፤ ፊቷን ወደ ወንዙ መለሰች።

ግምቱ ተጀመረ። ሰባተኛ አለ አንዱ። ስምንተኛ አለች አንዷ፣ ይቅርታ በሚመስል ድምፅ። የጋዜጣው ሰው ስምንተኛ። ዩርገን ሰባተኛ ከወጣን ሻማ አበራለሁ አለ። ትኩእ እንኳ ቢጨነቅ ቢጠበብ ቡድኑን ከስድስተኛ ከፍ ሊያደርገው አልቻለም። ሕሊና ግራ እጇን ቀኝ ትከሻዋ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። እንደዚያ ትንሽ ሆና ያዩዋት የእናቷ ቀብር ላይ ነበር።

የጋሽ ሚናስ ተራ ደረሰ። ሰዉ አብሯቸው ሊል አፉን አሰናድቷል።

አሁን ነገሩ ተገለጠላቸው። ሁሉም ሲያወድሳት የእሳቸው ክፉ ቃል ነጠላ ነበረች፣ ትሸፍናታለች። ዛሬ ግን የሚሸፈን ውዳሴ የለም። ልጅቷ እርቃኗን ቆማለች፣ እሳቸው ደግሞ የቀረውን ሊገፏት ነው። መልካሙን ቃል ሊያወጡት ሲሉ የሆስፒታሉ ወንበር፣ ስልኩ፣ ገላነሽ ዓይኗን ጨፍና፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣባቸው። ፈሩ።

“አንደኛ” አሉ።

የጋዜጣው ሰው ቀና ብሎ እንዲደግሙለት ጠየቃቸው።

“አንደኛ እንወጣለን። ልጄ ትወረውራለች።” “እግዜር ካለ” የምትለዋ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበረች። ዋጧት።

ማንም አልሳቀም። ሕሊና ከመሬት ቀና ብላ አየቻቸው። ጋሽ ሚናስም ማንንም ሳይሰናበቱ ጋሪያቸውን እየገፉ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያሳለፉትን እሳቸው ያውቁታል። ስልክ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣሉ። ሕሊና አንድ ቀን መልሳ ካልደወለች የጠፋች ይመስላቸዋል። ሆሳዕና አለፈ፣ ፋሲካ ገባ፣ ጾሙ ተፈታ፤ እሳቸው ላይ ግን አልተፈታም።

የመጀመሪያው ጨዋታ የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ነበር። ሕሊና ጉብታዋ ላይ ወጣች። መጀመሪያ አካባቢ ደህና ወረወረች፤ እየቆየ ግን ኳሷ ክብደት አጣችና ከወዲያኛው ወገን የመጣው ሁሉ እየመታ እየመታ አጥሩን ያሳልፍባት ጀመር። ጋሽ ሚናስ ውጤቱን አላዩም። የሚያዩት ትከሻዋን ብቻ ነው። ሽመላዎቹ በሰፊው ተሸነፉ። ሰዉ ጓዙን ሲሸክፍ እሳቸው ከአጥሩ ሥር አግዳሚው ላይ ቀሩ።

ሕሊና ጓንቷን በብብቷ ይዛ መጣችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

“ተሸነፍን” አለች።

“ትከሻሽስ?”

“ደክሞታል። አላመመኝም ግን።” ክንዷን ወደ ላይ እስከ መጨረሻው አንሥታ አሳየቻቸው።

ጋሽ ሚናስ ክንዷን አዩና እንባቸው መጣ። ሊደብቁት አልሞከሩም።

“በእኔ አፍ ነው” አሉ። “አንደኛ ባልል ኖሮ።”

“አባ፣ እነሱ ከእኛ ስለሚበልጡ ነው የተሸነፍነው።”

“እናትሽንም እኔ ነኝ። ለፋሲካ ትወጣለች እያልኩ ላገር ምድሩ ሳወራ፣ እኔ ነኝ ያስበላኋት። ከዚያ ወዲህ ስላንቺ ደግ ነገር ለመናገር ፈራሁ። መጨረሻ የምለው ለዚያ ነው። ሰው እንዳያይሽ ብዬ ነው።”

ሕሊና ጓንቷን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች። የተናገረችው በአማርኛ ነው፤ ዛሬ ወደ ጀርመንኛ አልሸሸችም።

“እማ እኮ ትሰማህ ነበር።”

“ተኝታ ነበር።”

“አልተኛችም። ዓይኗን ጨፍና ነው። አንድ ቀን ሻይ ልታመጣ ስትወጣ፣ እውነት ለፋሲካ ትወጫለሽ ብዬ ጠየቅኳት። አልወጣም አለችኝ። ‘አባትሽን ግን ተዪው፣ ይናገር’ አለች። ‘እሱ ሲለው መስማት ደስ ይለኛል’ አለችኝ።”

ጋሽ ሚናስ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ኖራው ጉንጫቸው ላይ ቀረ።

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ስለ እሷ አውርተህ አታውቅም እኮ። ስታነሣት የሰማሁህ ዛሬ ብቻ ይመስለኛል።”

ሜዳው ባዶ ሆነ፤ ጠዋት ያሰመሩት መስመር ተረግጦ ተረግጦ ቦታ ቦታው ላይ ብቻ ቀርቷል። የጋዜጣው ሰው ብስክሌቱን ከአጥሩ እየፈታ ነበር። ሕሊና ተነሥታ የኖራውን ጋሪ እጀታ ያዘች፣ በዚያው በታመመው እጇ።

“እና ዘንድሮ ስንተኛ ነን?” አለች።

“አንደኛ” አሉ ጋሽ ሚናስ።

“አልሰማሁህም።”

“አንደኛ” አሉ ደግመው፣ የጋዜጣው ሰው ዞሮ እስኪያያቸው ድረስ።