ኳሱ እጃቸው ላይ ነበር

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ የራግቢ ደጋፊ የሆኑት በእኔ ጥፋት ነው። ከእኛ ጋር ለመኖር አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ያለችው አውሮራ የመጡት በረዶ በሚጥልበት ወቅት ነበር። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ አረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች፣ እኔ ኤርፖርት መኪና የሚከራዩ መንገደኞችን የሚያመላልስ አውቶቡስ እነዳለሁ፣ ልጃችን ትምህርት ቤት ትውላለች። እሳቸው ሶፋው ላይ ተቀምጠው በመስኮት ፓርኪንጉን ሲያዩ ይውላሉ። የትኛው ጎረቤት ስንት ሰዓት እንደሚወጣ በቃላቸው ያውቁ ነበር።

በረዶው ሲቀልጥ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለቅዳሜ ሁለት ትርፍ ቲኬት ሰጠኝ። "የምን ነው?" ሲሉኝ "የኳስ ነው" አልኳቸው። እግር ኳስ መስሏቸው ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ሜዳው ላይ አንዱ ኳስ በእጁ ይዞ ሲሮጥ፣ ሌላው ዘሎ ወገቡን ይዞ መሬት ሲጥለው ሲያዩ ወደ እኔ ዞሩና "ዳኛ የለም እንዴ?" አሉኝ። ዳኛው እዚያው ተጫዋቾቹ አጠገብ ቆሞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከቁጥጥሬ ውጭ ሆነ። አማቴ አዲስ አበባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመስኮት መስታወት ሲቆርጡና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። መዳፋቸው ጠባሳ በጠባሳ ነው። ራግቢን የወደዱት የእጅ ሥራ ስለሆነ ይመስለኛል። ልጄ ስልኳ ላይ ቪዲዮ እያሳየች ሕጉን አስረዳቻቸው፤ ኳስ በእጅ የሚቀባበሉት ወደ ኋላ ብቻ ነው፣ ከእጅ አምልጦ ወደ ፊት ከወደቀ ፊሽካ ይነፋል፣ ጥቅሙም ለተቃራኒው ነው። ከሕጉ ሁሉ ይቺኛዋን ወደዷት። "ትክክል ነው" አሉ። "የጣለ ይቀጣ።"

እኔም ሳላውቀው ገባሁበት። በሁለተኛው ዓመት ለሦስታችን የዓመት ቲኬት ገዛን። ስታዲየሙ ከቤታችን ሃያ ደቂቃ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ተጫዋቹ ሲተነፍስ ይሰማል። ከኋላችን ሁልጊዜ ከሌክውድ የሚመጣ አንድ ሰውዬ ይቀመጣል። የላም ደወል ይዞ ይመጣና ቡድናችን ባጠቃ ቁጥር ጆሯችን ሥር ያንቃጭላል። አማቴ ስሙን አያውቁም፤ "ደወሉ" ነው የሚሉት።

አሁን የምነግራችሁ ቅዳሜ ቡድናችን የሚጫወተው ከመጨረሻ ደረጃ ቡድን ጋር ነበር። እንግዶቹ አውሮፕላናቸው ዘግይቶ እንቅልፍ ሳያገኙ ነው የመጡት ተባለ። ሁለት ተጫዋቾቻቸውም ተጎድተው ቀርተዋል። በዚያ ላይ የዴንቨር አየር አለ፤ ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ሰው እዚህ ሲሮጥ ትንፋሽ ያጥረዋል። የሌክውዱ ሰውዬ ገና ሳይጀመር ትከሻዬን መታ አደረገኝና "ሃያ ደቂቃ ብቻ ጠብቅ፣ ምላሳቸው ይወጣል" አለኝ። እኔ ያን ቅዳሜ ዕረፍት ለመውሰድ የበዓል ዕረፍቴን ለሌላ ሾፌር አሳልፌ ሰጥቼ ነበር። በዓሉን ከቤተሰቤ ጋር የማላሳልፈው ለዚህ ጨዋታ ብዬ ነው ማለት ነው።

ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ጉልበታቸውን ይዘው የሚያለከልኩት የእኛዎቹ ነበሩ። እዚሁ የሚኖሩት፣ እዚሁ የሚለማመዱት! እንግዶቹ እንደ ጠዋት የእግር ጉዞ ዘና ብለው ይሮጣሉ። የእኛዎቹ ኳስ ሲሰጣቸው ይጥላሉ። ያነሱታል፣ ይጥላሉ። አንዱ ለጓደኛው አቀብላለሁ ብሎ ማንም ወደሌለበት ወረወረው፤ ኳሱ ከሜዳ ወጥቶ ውሃ የምታከፋፍል ልጅ እግር ሥር አረፈ። ከኋላችን ደወሉ ዝም ካለ ቆይቷል።

እኔ በአማርኛ ነበር የምጮኸው። "ያዘው እንጂ! ኧረ ያዘው! ምን ዓይነት ሰው ነው!" ልጄ የሹራቧን ቆብ እስከ ቅንድቧ ድረስ ሳበችው።

ከዕረፍት በኋላ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የሚያምር ነገር መጣ። ኳሱ በሦስት ሰው እጅ አልፎ ዳር ላይ ላለው አስራ አንድ ቁጥር ደረሰ። ፊቱ ባዶ ነው። የሚከተለው ሰው የለም። መያዝና አስር እርምጃ መሮጥ ብቻ ነው የቀረው። ሁላችንም ተነሳን። ኳሱ ደረቱ ላይ መጣለት፣ ሁለት እጁ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ወደቀ። ወደ ፊት። ፊሽካ።

አስራ አንድ ቁጥር ወደ ጓደኛው ዞረና ትከሻውን ነቅንቆ ሳቀ።

አማቴ ቀስ ብለው ተቀመጡ። "ሳቀ" አሉ።

ሠላሳ ስድስት ለአምስት ተሸነፍን። በገዛ ሜዳችን፣ ከመጨረሻው ቡድን ጋር። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ደግሞ ሰዉ ተነስቶ ማጨብጨብ ጀመረ። "ጉድ ጆብ ጋይስ!" ይላሉ። "ጉድ ኤፈርት!"

"ምን አድርገው ነው የሚጨበጨብላቸው?" አሉኝ አማቴ።

"ለማበረታታት ነው፣ አባባ።"

"ማበረታታት ለሞከረ ሰው ነው። እነዚህ ምን ሞከሩ?"

እኔም እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነበር የቆምኩት።

እኛ ጋ ከጨዋታ በኋላ ተጫዋቾቹ በአጥሩ ዙሪያ እየዞሩ ደጋፊውን ይጨብጣሉ። አማቴ ሁልጊዜ ከሩቅ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ሰላምታ ሰጥተው ነው የሚሄዱት። ያን ቀን ግን ደረጃውን ወደ አጥሩ መውረድ ጀመሩ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አንድ ደረጃ ወርደው ያርፋሉ፣ ደግሞ አንድ ይወርዳሉ።

"አባባ፣ መኪናው በዚህ በኩል ነው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ።"

አጥሩ ጋ ሲደርሱ ካፒቴኑን በእጃቸው ጠሩት። ሰውየው በር ያህላል፤ ትከሻው ላይ በረዶ ታስሮበታል፣ አንድ ጆሮው ደምቷል። ትልቅ ሰው እንደጠራው ሲያይ ፈጥኖ መጣና ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ። እሳቸው ጨበጡት፤ ከዚያ ግን አልለቀቁትም።

"ንገርልኝ" አሉኝ። ከዚያ ዓይን ዓይኑን እያዩ በአማርኛ ጀመሩ። "ልጄ፣ መሸነፍ ያለ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መስታወት የተሸከምኩ ሰው ነኝ። ጥዬ አውቃለሁ። ጥዬ ስቄ ግን አላውቅም። ያ አስራ አንድ ቁጥራችሁ ኳሱን ጥሎ ሳቀ፣ እናንተም አይታችሁ ዝም አላችሁት። ሰዎቹ ደክሟቸው፣ ሳይተኙ መጥተው በገዛ ሜዳችሁ ተጫወቱባችሁ። እናንተ ግን መንገድ እንደጠፋበት እንግዳ ትዞራላችሁ። በዚህ ጉልበቴ ደረጃ የምወጣው ይህን ለማየት አይደለም።"

ካፒቴኑ ወደ እኔ አየ። ዙሪያችን የቆመው ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ።

"አባቴ ከባድ ቀን ነበር፣ በርቱ ይላሉ" አልኩት በእንግሊዝኛ።

"ቴንክ ዩ፣ ሰር" አለ ካፒቴኑ ደስ ብሎት።

አማቴ እጁን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። "ያን ሁሉ ተናግሬ ይህቺን ታህል?"

"እንግሊዝኛ አጭር ነው፣ አባባ።"

"ኖ፣ ዳዲ!" አለች ልጄ ከኋላዬ። "እንደዛ አላለም እኮ!" አያቷን 'አንቱ' በይ እያልን ስንነግራት አስራ ስድስት ዓመት ሞላት፤ ምላሷ አልታዘዝ ብሏታል። ወደ አጥሩ ተጠጋችና ቆቧን ወደ ኋላ ገፍታ ሁሉንም ነገረችው። መስታወቱን፣ ሳቁን፣ እንግዳውን፣ ጉልበቱን፤ አንድም አላስቀረችም። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

የካፒቴኑ ፈገግታ ቀስ በቀስ ጠፋ። መሬት መሬት እያየ ሰማትና "እኔም አይቼዋለሁ። ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ" አለ። ከኋላችን የሌክውዱ ሰውዬ "በመጨረሻ አንድ ሰው ተናገረ!" ሲል ሰማሁት።

በዚህ መሀል አስራ አንድ ቁጥር የውሃ ፕላስቲኩን ይዞ ደረሰ። ስለ እሱ እንደሚወራ ገባው። "ጨዋታ እኮ ነው፣ ሰዎች" አለ በእንግሊዝኛ።

ለዚህኛው አማቴ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። "ጨዋታ መሆኑ መች ጠፋኝ?" አሉት። "ጨዋታ ለማየት ነው የመጣሁት። ታዲያ ተጫወታ!"

ልጄ ተረጎመችለት። ሰዉ ሳቀ፣ ካፒቴኑም ሳቀ። አስራ አንድ ቁጥር አንገቱ ድረስ ቀላ፣ ውሃውን ተጎነጨና ማንንም ሳይጨብጥ ሄደ። ካፒቴኑ ጠራው፤ አልተመለሰም።

ወደ ቤት ነዳን። ባለቤቴ ሽንኩርትና ቲማቲም አደራ ብላን ስለነበር ሃቫና ስትሪት ላይ አንድ ሱቅ ፊት ለፊት ፓርክ አደረግኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። የወረደ ሰው የለም።

"አፍረህብኝ ነው፣ አይደል?" አሉ አማቴ ወደ ፊት እያዩ።

"ኧረ በፍጹም፣ አባባ። ሰው ፊት እንዳይሆን ብዬ ነው።"

"የተሸነፉትስ ሰው ፊት አይደለም እንዴ?"

"ሰውየው ደክሞታል፣ ጆሮው ደምቷል..."

"የእኔን ቃል ነው የጠየቅሁህ። የአንተን አልጠየቅሁህም።"

እውነቱን ለመናገር እኔም ተናድጄ ነበር። የበዓል ዕረፍቴን ሰጥቼ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼ፣ ቡድኑ አዋርዶኝ፣ አሁን ደግሞ በገዛ መኪናዬ ውስጥ እከሰሳለሁ። "እሺ፣ በሚቀጥለው ራስዎ ይንገሩት!" ልል አፌን ስከፍት ልጄ ከኋላ ወንበር ቀደመችኝ።

"ዳዲ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው" አለች። "ዶክተር ጋ እንኳን። አባባ ጉልበቴን በጣም ያመኛል ሲል ዳዲ 'ኤ ሊትል' ነው የሚለው። እኔ እዚያ ነበርኩ እኮ።"

አማቴ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "እውነት ነው?"

ነጭ ጋውን የለበሰችው ሐኪም ኮምፒውተሯ ላይ እየጻፈች፣ እኔም እንዳላስቸግራት ፈገግ እያልኩ "ትንሽ ያማቸዋል" ስል ትዝ አለኝ። ሁለት ጊዜ። አስቤበት አይደለም። አውቶቡስ ላይ ሻንጣ እግሬ ላይ ሲጥሉብኝ "ኖ ፕሮብሌም"፣ አርፍደው መጥተው ሲቆጡኝ "ኖ ፕሮብሌም"፤ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ስል ውዬ ልማዱ የሰው ሕመም ላይ እንደደረሰ አላወቅሁም።

"ይቅርታ፣ አባባ" አልኳቸው።

"ለስንት ወር ነው ያ ትንሽዬ ኪኒን የተሰጠኝ!" አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ጮኹ። "ለትንሽ ሕመም ትንሽ ኪኒን! እኔ ደግሞ መድኃኒታቸው ነው የማይሠራው እላለሁ!" በሩን ከፍተው ወረዱና ሽንኩርቱን ብቻቸውን ሊገዙ እያነከሱ ሄዱ። ልከተላቸው ስል ልጄ "ዳዲ፣ ተዋቸው" አለችኝ። አንቱታውን አስተካክላ ነበር።

በሳምንቱ ሐኪም ጋ ይዛቸው የገባችው እሷ ናት። እኔ ውጭ ተቀመጥኩ። ጉልበታቸውን ኤክስሬይ አነሱት፣ መርፌ ወጉላቸው፣ ኪኒኑንም ቀየሩላቸው። ሲወጡ በፊቴ አልፈው ሊፍቱን ራሳቸው ጠሩ።

የሚቀጥለው የሜዳችን ጨዋታ ሲደርስ "አንተ ዕረፍ" ተባልኩ። ልጄ መንጃ ፈቃድ አውጥታለችና ሁለቱ ሄዱ። እኔም እልህ ያዘኝና ፈረቃ ጠይቄ ገባሁ። ግን ከሰዓት በኋላ ዕረፍቴ ላይ ባዶው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ስልኬን መሪው ላይ አስደግፌ ጨዋታውን ከፈትኩት። አስራ አንድ ቁጥር ዳር ላይ ነበር፤ የመጣለትን ሁሉ ያዘ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አመለጠው፣ ያኔም አልሳቀም። እየመራን ነበር። ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ዳኛው ቅጣት ሰጠብንና እንግዶቹ አስቆጠሩ። በሁለት ነጥብ ተሸነፍን። መሪውን በጥፊ ስመታው ጥሩምባው ጮኸና ሻንጣ የሚጎትቱ ሰዎች ደንግጠው ዞሩ።

ማታ እራት ላይ ሁለቱም ፊታቸው ጠቁሮ ተቀመጡ። እኔ ምንም እንደማላውቅ ሆንኩ።

"እንዴት ነበር?" አልኩ።

"ተወው" አሉ አማቴ። ግን መተው አልቻሉም። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምረው፣ ሰላጣውን በሹካ ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ ተራ በተራ ተረኩልኝ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ "ከዚያማ አንዱ የእኛ ልጅ አጉል ገባና..." ሲሉ አላስችል አለኝ።

"አጉል አልገባም! በጎን በኩል ነው የያዘው! ዳኛው ከኋላ ቆሞ ምን ሊያይ ይችላል?"

ልጄ ሹካዋን አስቀመጠች። አማቴ ወደ እኔ ዞሩ።

"ከኋላ መቆሙን በምን አወቅህ?"

"ስልክ ላይ... ዕረፍቴ ላይ ነበር።"

"እና በጎን በኩል ነው የያዘው?"

"በጎን በኩል ነው፣ አባባ። ሁለት ጊዜ መልሼ አይቼዋለሁ።"

"አልኩሽ አይደል!" ብለው ወደ ልጄ ዞሩ። "ሌባ ዳኛ ነው አልኩሽ አይደል!" ልጄ ቅጣቱ ትክክል ነው ብላ መከራከር ጀመረች፣ እኔ ስልኬን አወጣሁ፣ እሳቸው መነጽራቸውን ፍለጋ ተነሱ፣ ሦስታችንም አንድ ላይ እንጮሃለን። ባለቤቴ ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ቆማ ጫማዋን ሳታወልቅ አየችን።

"ደግሞ ተሸነፉ?" አለች።

"አዎ!" አልናት።