ክራሬን የዋጡት ቫዮሊኖች

ዜማዬን ወስደው ስሜን አልጻፉም። በደሉ ይኸው ነው። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል።

ጭሮ ውስጥ በሠርግ ክራር የምመታ ሰው ነኝ። አንድ የፊልም ዳይሬክተር ከአዲስ አበባ መጥቶ ስለ አንዲት የገለምሶ ጫት ነጋዴ ፊልም ሲሠራ አስጠራኝ። ከራሴ የወጣ ዜማ መታሁለት። በስልኩ ቀዳና "ጋሼ፣ ይሄ የፊልሜ ነፍስ ነው" አለኝ።

ፊልሙ ጭሮ ሲታይ ከሚስቴ ከዘይነባ ጋር ገባሁ። ሴትየዋ ባሏን አስቀብራ ስትመለስ ዜማዬ መጣ። ክራሬ ግን የለም! ስንት ቫዮሊን እንደሆነ አላህ ይወቀው፣ ጥሩምባው፣ ከበሮው... ኦርኬስትራ ይባላል አሉ። ዞር ስል ዘይነባ ታለቅሳለች። ሃያ ዓመት ስመታላት አንድ ቀን እንባዋን አላየሁም። ላልዋሽ፣ ቀናሁ።

መጨረሻ ላይ ስሞች አለፉ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው፤ ስሞቹ ይሮጣሉ፣ እኔ እንቀረፈፋለሁ። አንብቤ ለመጨረስ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ምግብ ያበሰለችው ሳትቀር ተጽፋለች። እኔ የለሁም።

ደውዬ ተጣላሁት። መጣና ሽማግሌ ፊት ተቀመጥን። ስሜ ይጻፍ፣ ቫዮሊኑ ወጥቶ ክራሬ ይመለስ አልኩ።

"ስሙን ረስቼ ነው፣ አጥፍቻለሁ" አለ። "ቫዮሊኑን ግን አላወጣም። ክራሩ የሴትየዋን ሐዘን ብቻ ነው የሚያሰማው። እኔ የለቀስተኛውን ሁሉ ፈልጌ ነው።"

ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም እንስማ አሉ። የመሬትና የግመል ጠብ የሚዳኙት ሐጂ ኡመር "እኔ ሙዚቃ አልሰማም፤ ለፍርድ ነውና አላህ ይቅር ይበለኝ" ብለው ወደ ዳይሬክተሩ ላፕቶፕ ተጠጉ። መጀመሪያ ክራሬን፣ ቀጥሎ ቫዮሊኑን ሰሙ።

"ድገመው" አሉት።

"የቱን ሐጂ?"

"የኋለኛውን።"

ያኔ አለቀልኝ።

"ዜማው የጀማል ነው፤ ስሙ ይጻፍ" ብለው ፈረዱ። "ቫዮሊኑ ይቆይ። አንተ ጀማል፣ ልጅህ ካንተ ቢረዝም ትከሰዋለህ?" ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ስሜ ተጽፏል፤ ራሴ አንብቤዋለሁ። ሊበቃኝ ይገባ ነበር፣ አልበቃኝም። ራዲዮ ላይ ቫዮሊን ሲመጣ አጠፋለሁ። ዘይነባ መልሳ ትከፍተዋለች። ሽማግሌ ፊት ተጨባብጠን ነገሩ የተዘጋው ግን ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው።