አፕዴት ያለቀበት ደወል

የትምህርት ቤታችንን ደወል የምትደውለውን ሴትዮ ሁሉም «እትዬ ደወል» ነው የሚላት። ዋና ስሟን ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ እሱም ወረቀት አይቶ ነው። እኔ የግቢው ዘበኛ ነኝ። የኔ ቤትና የሷ የደወል ክፍል አንድ ግድግዳ ነው የሚጋሩት፣ ስለዚህ የሷን ነገር ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ድሮ የመኪና ቸርኬ ሰቅላ በመዶሻ ነበር የምትደውለው። አስራ ዘጠኝ ዓመት ስትደበድበው ቸርኬው ምንም አልሆነም፣ ክንዷ ግን እምቢ አለ። ያኔ ትምህርት ቤቱ ከርካሽም ርካሽ ላፕቶፕ ገዛ። ሰዓቱ ሲደርስ በግቢው ድምፅ ማጉያ በራሱ ይጮሃል። የሷ ሥራ ጠዋት መክፈት፣ ሰዓቱን ማስተካከልና ሰው እንዳይነካው መጠበቅ ነው። በደወልና በደወል መሀል ያለውን አርባ ደቂቃ እዚያው ላፕቶፕ ላይ በኢንተርኔት ተከታታይ ድራማ ታይበታለች። ጀግናዋ ስታለቅስ እሷም ታለቅሳለች። ግድግዳው ስስ ነው፤ እኔም ሳላይ አለቅሳለሁ።

አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ። ከወሩ መጨረሻ በኋላ ለዚህ ኮምፒውተር አፕዴት አይሰጥም ይላል። እትዬ ደወል ደጋግማ አንብባ ወደኔ መጣች።

«ሊሞት ነው» አለችኝ።

«ማን?»

«ላፕቶፑ ነዋ። ቀኑን ቆርጠውለታል።»

እኔ ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ መድኃኒት ላይ የሚጻፈው ዓይነት ቀን ነው ብዬ አረጋገጥኩላት። በወሩ መጨረሻ ቸርኬውን ከዕቃ ቤት አውጥታ ሰቀለች፣ መዶሻውን ጭኗ ላይ አድርጋ ላፕቶፑ አጠገብ ተቀመጠች። አስተማሪዎች ብቅ እያሉ «እንዴት ዋለ?» ይሏታል። «እስካሁን ደህና ነው» ትላለች። በማግስቱም ሰዓቱን ጠብቆ ጮኸ።

የኮምፒውተር አስተማሪው መጣ። ሰው አክባሪ ልጅ ነው፣ ግን ያወቀውን ማሳደር አይችልም።

«እትዬ፣ አይሞትም። ጠባቂ ነው ያጣው። ከእንግዲህ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍንለት የለም።»

«ታዲያ ይሄ ምን ይሠራል?» ብላ ወደኔ ጠቆመች።

«ያ ሌባ በበር አይደለም የሚገባው።»

ዳይሬክተሯ ይሄን ስትሰማ ወሰነች። አዲስ ላፕቶፕ ይገዛል፣ ደወሉ ወደ ኮምፒውተር ክፍል ይሄዳል፣ እትዬ ደወል ወደ ዕቃ ቤት ትዛወራለች። ዕቃ ቤቱ መስኮት የለውም። ስምንት መቶ ልጅ ስታስገባና ስታስወጣ የኖረች ሴት መጥረጊያ ልትጠብቅ ነው። ቀኑም ሰኞ፣ የፈተናው ዕለት ሆነ።

ሰኞ ጠዋት የድምፅ ማጉያው ገመድ ከአሮጌው ተነቅሎ አዲሱ ላይ ተሰካ። እትዬ ደወል ግን አሮጌውን ከፍታ አጠገቡ ቁጭ ብላለች። ልሰናበተው ነው አለችኝ። ሰዓቱ ሲደርስ በገዛ ትንሽ ድምፁ ጭው ጭው አለ፤ ከክፍሏ አያልፍም። ግቢው ግን ጸጥ። ልጆቹ የፈተና ወረቀታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ።

በሩን ትቼ (ይሄ በመካከላችን ይቅር) ኮምፒውተር ክፍል ሮጥኩ። አስተማሪው ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኗል። አዲሱ ላፕቶፕ «አፕዴት በማድረግ ላይ፣ እንዳያጠፉ፣ አሥራ አራት በመቶ» ይላል።

«ስንት ይፈጅበታል?»

«እሱ ነው የሚያውቀው» አለኝ።

ተመልሼ ስነግራት እትዬ ደወል መዶሻውን አስጨበጠችኝ። «የኔ ክንድ አይሆንም። አንተ ምታ፣ ሰዓቱን እኛ እንነግርሃለን።»

እኛ ያለችው እሷንና ላፕቶፑን ነው። መታሁ። ቸርኬው ያረፈበትን ዓመት ሁሉ በአንዴ ጮኸ። ፈተናው ተጀመረ። ማብቂያው ላይም አሮጌው ጭው ሲል እሷ «በል» አለች፣ እኔ መታሁ። አዲሱ ስልሳ ሁለት በመቶ ደርሶ ነበር።

ዳይሬክተሯ አስተማሪውን አስከትላ መጣች። «ያለቀለት የትኛው ነው አልከኝ?» አለችው።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ አፕዴቱን አስቀድሜ መጨረስ ነበረብኝ» አለ። «አሮጌው ለደወል ብቻ ከሆነ ይሠራል። ኢንተርኔቱን እንቆርጥለታለን፣ የማንም ፍላሽ አይሰካበትም። ያኔ ሌባውም መንገድ ያጣል።»

«ድራማውስ?» አለች እትዬ ደወል።

«እሱ በኢንተርኔት ነው የሚመጣው፣ እትዬ።»

የዕቃ ቤቱን በር አየች። ላፕቶፑን አየች። «ጀግናዋ ልትዳር አራት ክፍል ነው የቀራት» አለች። ከዚያ ወደ አስተማሪው ዞራ፣ «ቁረጠው።»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የላፕቶፑን ሰዓት በኔ ስልክ ታስተካክላለች። ሰዓት ማስተካከል አርባ ደቂቃ እንደሚፈጅ አላውቅም ነበር። ትናንት ስልኩን ልወስድ ስገባ አፕዴት ልጫን ወይ ብሎ ይጠይቃል።

«እምቢ በለው» አለችኝ ዓይኗን ሳታነሳ። «የመጨረሻው ክፍል ላይ ነኝ።»