ቱሪድ ስሎገን ጫፍ ላይ

ቱሪድ የአምቡላንስ ጥሪ ተቀባይ ናት። ያን ሳምንት ማዕበል ስለነበረ ስልኩ ፋታ አልሰጣትም። ቅዳሜ ማለዳ ከሌሊት ሥራ ተመልሳ ልትተኛ ስትል ጓደኞቿ ኦሴና ጉንቮር በሯን አንኳኩ።

"ኧረ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ተዉኝ!" አለቻቸው።

"ስሎገን ተራራ ሁለቴ መልሶሻል። ዛሬስ አያመልጠንም፣ ጫማሽን አድርጊ!" አለች ኦሴ።

በተራሮቹ መሃል ከገባው ጠባብ ባሕር፣ ከፊዮርዱ ዳር ተነስተው አምስት ሰዓት ሙሉ ሽቅብ ወጡ። የቱሪድ ጀርባ በላብ ራሰ። ከጫፉ ሥር ያለው ቀጥ ያለ ቋጥኝ ጋ ሲደርሱ እግሯ አልንቀሳቀስ አለ። ሁለቱንም ጊዜ የተመለሰችው ከዚሁ ነበር።

"አልችልም፣ እናንተ ሂዱ" አለች።

ጉንቮር ብርቱካን እየላጠች "ደንግጦ ለሚደውልልሽ ሰው ምን ትይዋለሽ?" ብላ ጠየቀቻት።

"አሁን አንድ ነገር ብቻ አድርግ፣ ቀጣዩን እነግርሃለሁ እለዋለሁ።"

"ታዲያ ለራስሽም እንደዚሁ ንገሪያ!"

ቱሪድ ሳቀች። ከዚያ በዚያው በተረጋጋ የሥራ ድምጿ "ቀኝ እጅ ስንጥቁ ላይ። ጎበዝ። አሁን ግራ እግር" እያለች ራሷን ማዘዝ ጀመረች። ጓደኞቿ ከኋላ ተከተሏት። ቀጣዩን መያዣ ስትፈልግ እጇ ነፋስ ብቻ ጨበጠ። ከዚያ ወዲያ ተራራ አልነበረም።

ፊዮርዱ ከታች እንደ ክር ቀጥኗል። ቱሪድ ሁለት እጇን ዘርግታ እስኪበቃት ጮኸች፤ ጫፉ ላይ የወጡ ሁሉ በሚፈርሙበት መዝገብም ስሟን በትልልቁ ጻፈች።

"ገጹን እኮ ጨረስሽው! እኛ የት እንጻፍ?" አለች ኦሴ።

"ገልብጡት!" አለች ቱሪድ።